አባዬ፣ ውኃው እጅህ ስር ይሁን

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ትከሻህስ እንዴት ነው? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሐሳቤ አንተው ጋ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ካርቶን ልኬልሃለሁ፤ ውስጡ ለእግር ጉዞህ ወገብህ ላይ የምታስረው ባለ ኪስ ቀበቶ አለ። ካርቶኑን ከመክፈትህ በፊት ይህን አንብብልኝ። አውቅሃለሁ፣ አዲስ ዕቃ እጅህ ከገባ ቤት አያስቀምጥህም። ያገኘኸውን እንዳለ አስረህ መንገድ እንዳትጀምር ብዬ ነው።

የዛሬ ወር አብረን የሄድነውን መንገድ ታስታውሳለህ? ቤት ገብተን ቦርሳህን ላራግፍልህ ብዬ ስከፍተው ኮዳህ እስከ አፉ ሙሉ ነበር። አንድ ሊትር ውኃ ተሸክመህ ወጣህ፣ ያንኑ አንድ ሊትር ተሸክመህ ተመለስክ። "ምነው ሳትጠጣ?" ስልህ "አልጠማኝም" አልከኝ። እኔም ዝም አልኩ። በኋላ ግን ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ገባኝ። ውኃው ያለው ጀርባህ ላይ ነው። እሱን ለማውጣት መቆም፣ ማንገቻውን ማውለቅ፣ ቀኝ ትከሻህን ወደ ኋላ ማዞር ያስፈልግሃል። ትከሻህ ደግሞ ወደ ኋላ አልሄድም ካለ ቆይቷል። "አውርድልኝ" ብለህ እኔን ማስቸገር ስላልፈለግክ ተውከው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል። ሰውነት ውኃ ፈልጎ እያለ ሰውየው "አልጠማኝም" ሊል ይችላል፣ ከልቡም ነው የሚለው። ስለዚህ አንተን "ሲጠማህ ጠጣ" ማለት አይበቃም። ውኃው ሳታስበው እጅህ የሚነካው ቦታ መሆን አለበት። መራመድህን ተው ልልህ ፈጽሞ አልፈልግም። ከእግር ጉዞ ስትመለስ ፊትህ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ቦርሳውን ከትከሻህ አውርደን ወገብህ ላይ እንሰረው ነው የምለው።

ልጅ ሳለሁ ስለ ኤትዚ ከጋዜጣ ያነበብክልኝ ትዝ ይልሃል? በ1991 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር፣ 3,210 ሜትር ከፍታ ላይ ከበረዶ ውስጥ ስለተገኘው ሰው። ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተ ሰው ነው። ወገቡ ላይ ከቆዳ የተሰፋ ቦርሳ ያለው ቀበቶ ነበረው። ውስጡ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች፣ ከአጥንት የተሠራ መውጊያና እሳት ማቀጣጠያ የሚሆን የዛፍ እንጉዳይ ናቸው። በጀርባው የሚሸከምበት የእንጨት ነገርም የነበረው ይመስላል። ቶሎ የሚፈልገውን ግን ወገቡ ላይ ነው ያደረገው። አሁን የላክሁልህም ከዚያ ብዙም አይለይ። ዚፕ ተጨመረበት እንጂ።

አሁን ቀበቶውን አውጣው።

መጀመሪያ ኪሶቹ ባዶ እያሉ እሰረው። ሁለት እጅህን ጎንህ ላይ አድርገህ ቁም። ጣቶችህ ስር ጠንካራ አጥንት ታገኛለህ፣ የዳሌህ ጫፍ ነው። የቀበቶው ስፋት መሐል ለመሐል እዚያ አጥንት ላይ ይረፍ። ከዚያ ከፍ ካለ ሆድህን ይጫናል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያሳጥርሃል። ዝቅ ካለ ደግሞ በየእርምጃህ እየተንሸራተተ ጭንህ ላይ ይወርዳል፣ አንተም ሽቅብ ስትጎትተው ትውላለህ። ሸክሙን መያዝ ያለበት አጥንቱ ነው። ለዚህ ነው ሰፊውንና ውስጡ ስፖንጅ ያለውን የመረጥኩልህ። ቀጭን ቀበቶ ክብደት ሲያዝ ሥጋ ይቆርጣል።

ምን ያህል ይጥበቅ? ሁለት ጣትህ ጠፍጠፍ ብለው በቀበቶውና በሰውነትህ መካከል ይግቡ፣ ሦስተኛው እንቢ ይበል። አሥር ደቂቃ ከሄድክ በኋላ ልብስህ ስለሚረግብ አንዴ ቆመህ ጠበቅ አድርገው። የጭንህ ውጪኛው ጎን ከደነዘዘህ ወይም ማቃጠል ከጀመረህ ግን ቀበቶው ዳሌህ ፊት ለፊት ያለውን ነርቭ ተጭኖታል ማለት ነው። ያኔ ወዲያው አላላው። "ይለቀኛል" ብለህ እንዳትቀጥል፣ አደራ።

የሱሪ ቀበቶህን ደግሞ በዚያ ቀን ቤት ተወው። ሁለት ዘለበት አንዱ በሌላው ላይ ሲያርፍ ሆድ ላይ እንደ ድንጋይ ነው የሚሰማው። ወገቡ ላስቲክ የሆነውን ሱሪህን ልበስ። ሸሚዝህም ከቀበቶው ስር ተጨማዶ እንዳይቀር ጎትተህ አስተካክለው። ላብ የነካው እጥፋት ነው ቆዳ የሚልጠው።

አሁን ወደ ኪሶቹ። ይሄ ከሁሉም በላይ የደከምኩበት ነው። ቀበቶው ላይ ጎን ለጎን የተሰፉ ጥብጣቦች ታያለህ፣ ስፋታቸው 25 ሚሊሜትር ነው። በየኪሱ ጀርባም እንዲሁ ዓይነት ጥብጣብ አለ። አሠራሩ ከወታደር ትጥቅ የመጣ ነው። የኪሱ ማሰሪያ አንዴ በቀበቶው ጥብጣብ ስር፣ አንዴ በኪሱ ጥብጣብ ስር እየተፈራረቀ ነው የሚያልፈው፣ ልክ እንደ ሽመና። መጀመሪያ ስገጥመው በቀበቶው ብቻ አሳልፌው ነበር። አስሬው ደረጃ ስወጣና ስወርድ ኪሱ እንደ ተከፈተ መስኮት ሲወዛወዝ ጭኔን መታኝ። ፈትቼ እያፈራረቅሁ ስገጥመው ከቀበቶው ጋር አንድ አካል ሆነ። አንተም አንድ ቀን ቦታ ልትቀይር ከፈታኸው ይሄን አትርሳ።

ቦታቸውን የመረጥኩት ያንተን ትከሻ እያሰብኩ ነው። ቀኝ እጅህ ወደ ታች ይወርዳል፣ እምቢ የሚለው ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ኮዳዎች ግራና ቀኝ፣ ከሱሪህ የጎን ስፌት ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ገባ ብለው ነው ያሉት። የብዙ ሰው ቀበቶ ላይ ኮዳ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ነው የሚቀመጠው። ላንተ ግን ያ ቦታ እንደ ድሮው ቦርሳ መሆኑ ነው፣ አትደርስበትም። ከዚህ የበለጠ ወደ ፊት ላመጣቸውም አልቻልኩም፣ ዳገት ላይ ጉልበትህን ስታነሳ ጭንህን ይመቱሃል። ከግራም ከቀኝም እያፈራረቅህ ጠጣ። አንዱን ብቻ ከጨረስክ ቀበቶው ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል፣ ወገብህም አብሮ።

ከኋላ መሐል ላይ ያለው ትልቁ ቦርሳ ነው። እዚያ የዝናብ ጃኬት፣ ፋሻና ፕላስተር፣ የግንባር መብራት አለ። ለስላሳውን ከጀርባህ በኩል አድርገው፣ ጠንካራው ወገብህን እንዳይወጋህ። ከዚያ ውስጥ የሆነ ነገር ስትፈልግ ቀበቶውን አትፍታው። ሜዳ ቦታ ላይ ቁም፣ ማሰሪያውን ላላ አድርግ፣ ቦርሳውን በወገብህ ዙሪያ ወደ ፊት አዙረው። እንደ ጠረጴዛ ሆድህ ላይ ይመጣልሃል። ትከሻህ ምንም አይሠራም። ጨርሰህ ስትመልሰው ዚፑን መዝጋትህን በእጅህ ነክተህ አረጋግጥ። ስትቀመጥም መጀመሪያ አዙረው፣ አለበለዚያ ድንጋይ ላይ ስትደገፍ ወገብህን ወደ ፊት ይገፋዋል።

ከዘለበቱ በስተግራ ያለችው ጠፍጣፋ ኪስ የክኒንህና የማንበቢያ መነጽርህ ናት። ሌላ ነገር አይግባባት፣ እባክህ። ቦታዋን እጅህ በጨለማም ቢሆን ይልመደው። ስልክህ በቀኝ ያለው ኪስ ውስጥ ይሁን፣ ሰውነትህ አጠገብ። ብርድ የስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

ፊሽካውን አየኸው? ኪስ ውስጥ አላደረግኩትም፣ በክር ቀበቶው ላይ ነው ያሰርኩት። የሚፈለግበት ቀን ዚፕ የሚከፈትበት ቀን ላይሆን ይችላል። ሦስት ጊዜ ንፋ፣ ፋታ ስጥ፣ እንደገና ሦስት ጊዜ። በብዙ ቦታ ይህ የእርዳታ ጥሪ መሆኑ ይታወቃል። በአልፕስ ተራሮች በደቂቃ 6 ጊዜ ነው የሚነፋው፣ የሰማው ሰው መልስ የሚሰጠው በ3 ነው። ድምፅህን አሰምተህ ከመጮህ ይልቅ ፊሽካ ትንሽ ትንፋሽ ወስዶ ሩቅ ይሰማል። እንደማትፈልገው አውቃለሁ። ግን ይኑር።

የውኃውን ነገር ልጨርስልህ። በመካከለኛ አየርና በመካከለኛ እርምጃ ለአንድ ሰዓት ጉዞ ግማሽ ሊትር ያህል ነው የሚታሰበው። ሐኪምህ ስለ ውኃ የተለየ ነገር ካላዘዘህ በዚሁ ሂድ። ሁለቱ ኮዳዎች እያንዳንዳቸው 600 ሚሊሊትር ይይዛሉ፣ በድምሩ 1.2 ሊትር፣ ማለትም 1.2 ኪሎ። ይህ ለምን ያህል መንገድ ይበቃል? ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት አለ። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምር ይላል። አንተ የምትወደው መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ነው፣ ወደ 300 ሜትር ያህል ዳገት አለው። በስሌቱ አንድ ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይመጣል። ያ እንግዲህ ሳያርፍ ለሚሄድ ጠንካራ ሰው ነው። አንተ ቆም ብለህ ወፍ ታያለህ፣ ካገኘኸው ሰው ጋር ታወራለህ። ግማሹን ጨምሬበት ሁለት ሰዓት ተኩል ብዬዋለሁ። ሁለቱ ኮዳዎች ለዚህ ልክ ናቸው። ከዚህ ለሚረዝም ቀን ግን ይህ ቀበቶ ብቻውን አይበቃህም። ያኔ እኔን ጥራኝ፣ የቀረውን ውኃ እኔ እሸከማለሁ።

ጠቅላላ ክብደቱ ከ3 ኪሎ እንዳያልፍ። ሁሉንም ሞልቼ ሚዛን ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ 2.4 ኪሎ ነው። ከ3 ኪሎ በላይ ሲሆን ቀበቶ ሸክም አይችልም፣ መውረድ ይጀምራል። "ለማንኛውም" ብለህ ያንን ከባድ ቢላህን እንዳትጨምርበት፣ ትንሹ ይበቃሃል። ጥቂት ለውዝ ግን ያዝ፣ ቦታ አለው።

ወደ መንገዱ ከመውጣትህ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ቤት ውስጥና ግቢ ውስጥ አድርገው ተንቀሳቀስ። ጫማህን ለማሰር ጎንበስ በል፣ ደረጃ ውጣ፣ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ዓይንህን ጨፍነህ ኮዳውን አውጣና መልሰው። ክኒንህንም እንዲሁ። የሚቆረቁርህ ወይም እጅህ የሚፈልገውን የሚያጣበት ቦታ ካለ ንገረኝ። "ምንም አይልም" አትበለኝ፣ የኮዳውን ነገር እንደዚያ ብለህ ነው ያሳለፍከው።

አንድ ነገር ቀረኝ። አሮጌው የሱሪ ቀበቶህ እኔ ጋ ቀርቶ ነበር። የዚህን ልክ ያወጣሁት በእሱ ነው። ስዘረጋው ስንት ዓመት የተጠቀምክባት ቀዳዳ ሰፍታ፣ ዙሪያዋ ተሰነጣጥቆ አየኋት። ከእሷ ወደ ውስጥ አራት ጣት አልፎ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ አለ፣ በምስማር የበሳኸው። ጠርዙ ገና አዲስ ነው። ለረጅም ጊዜ ይዤው ቁጭ አልኩ። ከስተሃል አባዬ፣ አልነገርከኝም።

በአዲሷ ቀዳዳ ነው የለካሁት። ማሰሪያው የሚቆምበት ቦታ ላይ በቀይ ክር ምልክት ሰፍቼልሃለሁ፣ ያለ መነጽር እንዲታይህ ደመቅ አድርጌ። ቅዳሜ በጠዋት እመጣለሁ፣ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ ደህና ብላ። ስመጣ ቀበቶው ከቀዩ ክር ላይ አልደርስ ብሎ ካገኘሁት ክርና መርፌ ይዣለሁ፣ ፈትቼ ወደ ውጪ እሰፋዋለሁ።

የሚወድህ ልጅህ