የቦሌን ሰማን፤ የባሕር ዳርንም ንገሩን

ውድ አዘጋጅ፣

በየዓመቱ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። ብዙም ሳይቆይ አየር መንገዳችን ስንት ሚሊዮን መንገደኛ እንዳጓጓዘ፣ ቦሌ ምን ያህል ሥራ እንደበዛበት ትጽፋላችሁ። እኔም ዜናውን ፈልጌ አነባለሁ። ቁጥሩ ሲያድግ ደስ ይለኛል፤ የሀገር ነገር ነው። አንብቤ ስጨርስ ግን ሁሌ አንድ ጥያቄ አፌ ላይ ይቀራል። የባሕር ዳሩስ? ዘንድሮ ዝም ማለቱን ትቼ ልጽፍላችሁ ተነሳሁ።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ሆቴል ሚኒባስ አሽከርካሪ ነኝ። ሥራዬ እንግዳ ከኤርፖርት ማምጣትና መመለስ ነው። ኤርፖርቱ ግንቦት 20 ይባል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ፣ ዛሬ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ እስከተባለበት ድረስ እዚያው በር ላይ ቆሜአለሁ። ደብተርም እይዛለሁ። መጀመሪያ ለነዳጅ ሂሳብ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ቀኑን፣ የጫንኩትን ሰው ብዛት፣ ከየት እንደመጣና ለምን እንደመጣ በአንድ መስመር እጽፋለሁ። አሁን አምስተኛው ደብተር ላይ ደርሻለሁ።

የጥር 2011 ገጽ ሞልቶ ኅዳጉ ላይ ሁሉ ጽፌበታለሁ። ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር አክብረው ጣናን ሳናይ አንመለስም ያሉ እንግዶች ናቸው። ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ እስራኤል፣ አሜሪካ ይላል። በዚያው ወር ነው የቦሌ ማስፋፊያ የተመረቀው። በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሎ በቴሌቪዥን ሲነገር ሆቴሉ ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ቦሌ ከሰፋ ለእኛም ይደርሰናል ብለን ነበር።

የመጋቢት 2012 ገጽ ሦስት መስመር ብቻ አለው። ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ነው። ኮሮና ነው። አየር መንገዱ በዚያን ጊዜ ያደረገውን ሁላችንም እናውቃለን። ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ ወንበር እየነቀለ ዕቃ ጫነባቸው። የሌላ ሀገር አየር መንገዶች የመንግሥታቸውን ድጎማ ሲጠብቁ የኛው በካርጎ ራሱን ችሎ ቆመ። ይህን ባነሳሁ ቁጥር እኮራለሁ። ባሕር ዳር ላይ ግን ጀልባው እንደታሰረ፣ የሆቴሉ አልጋ እንደተነጠፈ ነበር።

ኅዳር 4 ቀን 2013 ደግሞ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች ሮኬት የተተኮሰበት ቀን ነው። በነሐሴ 2015 በረራ ተቋርጦ እንደገና ጀመረ። እነዚህ ሁሉ በደብተሬ ላይ ባዶ መስመር ሆነው ይታያሉ። በዓመቱ ጠቅላላ ድምር ውስጥ ግን አይታዩም። ቦሌ ትልቅ ነው። የእኛ ጉድለት እዚያ ውስጥ ጠብታ ነው።

አሁን ስለ አቆጣጠሩ ላንሳ። ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ሌላውም አንባቢ እንደ እኔ ሳይቸገር አይቀርም።

በጥቅምት ወር አንዲት እናት ይዤ ወደ ኤርፖርት ሄድኩ። ከአዴት ወዲያ ካለ ገጠር መጥተው ከልጃቸው ጋር ሆቴላችን አድረው ነበር። አሜሪካ ያለችውን ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው። አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። ካርቶናቸው በናይሎን ገመድ ሁለት ጊዜ ታስሯል፤ ላዩ ላይ በማርከር “ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ” ተብሎ ተጽፎበታል። መኪናው ውስጥ ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አላስነካም አሉ።

“ልጄ፣ ይኼ አውሮፕላን እዚያው አሜሪካ ያደርሰኛል?” አሉኝ።

“የለም እማማ፣ ቦሌ ይወርዱና ሌላ ይሳፈራሉ።”

“ቦሌ ማን አለኝና?”

“አይጨነቁ እማማ። ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው የሚያሻግርዎ ሠራተኛ አለ።”

እኚህ እናት አንድ ሰው ናቸው። ባሕር ዳር ላይ ሲሳፈሩ አንድ ተብለው ተቆጠሩ። ቦሌ ሲወርዱ እንደገና አንድ፣ ከቦሌ ሲነሱ ደግሞ ሌላ አንድ። ስለዚህ የቦሌ መዝገብ ላይ ሁለት ናቸው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ኤርፖርቶች በዓለም ዙሪያ የሚቆጥሩት እንዲህ ነው። የወረደውም የተሳፈረውም ይቆጠራል፤ አውሮፕላን የቀየረ ሰው ሁለት ይሆናል፤ ከዚያው አውሮፕላን ሳይወርድ የቀጠለ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ይያዛል። ኤርፖርት የሚለካው በበሩ ያለፈውን ሥራ ስለሆነ ትክክል ነው። ለሁለቱም ሰው ሻንጣ መፈተሽ፣ ወንበርና መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋልና።

ችግሩ ሲዘገብ ነው። አየር መንገዱ ያጓጓዘው ሰውና ቦሌ ያስተናገደው ሰው አንድ ቁጥር አይደሉም። ቦሌ የተርኪሹንም፣ የኤምሬትሱንም፣ የሉፍታንዛውንም መንገደኛ ይቆጥራል። አየር መንገዱ ደግሞ ቦሌን ሳይነኩ የሚያልፉ በረራዎችም አሉት። አንዳንድ ዜና ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ብዙው የቦሌ መንገደኛ ትራንዚት ነው። ከሌጎስ ወደ ጓንዡ፣ ከጆሃንስበርግ ወደ ዋሽንግተን የሚሻገር ሰው ነው። ለሀገር ዶላር ያመጣል፤ እሰየው። ግን አዲስ አበባ ከተማ እንኳን ሳይገባ ይሄዳል፤ እንኳን ዘጌ ሊመጣ።

ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከጓደኛዬ አይቻለሁ። ጣና ላይ ጀልባ አለው። አንድ ዓመት መንገደኛ በጣም ጨመረ የሚል ዜና ሰማ። ዘንድሮማ እንግዳ ይመጣል ብሎ ተበድሮ የጀልባውን ሞተር ቀየረ። መስከረም መጣ። ጢስ ዓባይ ሞልቶ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማበት ወቅት ነው። ጥቅምትም አለፈ። ጓደኛዬ በየማለዳው ወደብ ይወርዳል። ሞተሩን አስነስቶ ያጠፋል፤ እንዳይዝግበት። እምቦጩን ከጀልባው ሥር በእጁ ይጎትታል። ከዚያ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ የኔን ስልክ ይጠብቃል። እንግዳ ካለ የምደውለው እኔ ነኛ። የማልደውልባቸው ቀናት በዙ። ቁጥሩን የነገረው ሰው አልዋሸም። የጨመረው የቦሌ መንገደኛ ነው። የጣና እንግዳ ነው ብሎ የሚለይለት ሰው ግን አልነበረም።

አሁን የሀገር ውስጥ በረራ ጨምሯል የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። እውነት ነው። በ2016 በጀት ዓመት አየር መንገዱ ካጓጓዛቸው ወደ 17.1 ሚሊዮን ሰዎች ውስጥ 3.7 ሚሊዮን ያህሉ የሀገር ውስጥ ተጓዦች ነበሩ። ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። በ2017 ድምሩ ወደ 19 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ታዲያ እነዚህ የሀገር ውስጥ ተጓዦች እነማን ናቸው? ለምንስ ይበራሉ? እኔ የምኖረው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ደብተሬ ላይ “ለምን መጣ” የምለው ቦታ አለ። ድሮ እዚያ የሚጻፈው “ጉብኝት” ነበር። አንዳንዴ “ሰርግ”፣ አንዳንዴ “ስብሰባ”። ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ ግን በብዛት የምጽፈው “ሕክምና”፣ “ለቅሶ”፣ “ጉዳይ” ነው። አውሮፕላኑ ሞልቶ ይመጣል። እኔ በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ከውስጡ የሚወጣው ግን ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው አይደለም። ጥቁር የለበሰች ሴት፣ የራጅ ፖስታ በብብቱ የያዘ አባት፣ የታመመ ልጅ ያቀፈች እናት ናቸው።

አንድ ጎልማሳ ትዝ ይለኛል። እናቱ ሞተውበት ከአዲስ አበባ መጣ። ጋቢና ነው የተቀመጠው፤ ከጎኔ። ከዚያ በፊት አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። “ወንድሜ፣ መንገዱ ቢያስኬድ ኖሮ እንደ ወትሮው ሌሊት በአውቶቡስ ተነስቼ የዓባይን በረሃ ወርጄ እመጣ ነበር” አለኝ። “አሁን ሚስቴ ፈራች። ቲኬቱን ዘመድ አዋጥቶ ነው የቆረጠልኝ።” ከዚያ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ማታ ደብተሬን ስከፍት “1 ሰው፣ አዲስ አበባ፣ ለቅሶ” ብዬ ጻፍኩ።

ያ ሰው በዓመቱ ሪፖርት ላይ የእድገት ቁጥር ነው። በእኔ እይታ ግን ሰው የበረረው ኪሱ ስለሞላ ብቻ አይደለም። በመኪና መሄድ ስለፈራም ነው። እንዲህ ያለው ጭማሪ ወንበር ይሞላል እንጂ ጀልባ አይሞላም። ለቅሶ የመጣ ሰው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አሳየኝ አይልም። ቆሮሶ ጠብሳ የምትሸጠው የሐይቅ ዳር ልጅም ከእሱ አታተርፍም። ዜናውን የምትጽፉ ሰዎች ይህን ብትጠይቁ ቁጥሩ ሌላ ነገር ይነግራችኋል። ሰላም ሲሆን ደግሞ ይኸው የሀገር ውስጥ ቁጥር ሊቀንስ ይችላል፤ ሰው ወደ አውቶቡሱ ይመለሳላ። ያኔ ቀነሰ ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

ሌላው የወራት ነገር ነው። የኛ ሥራ በዓመት አይለካም። መስከረምና ጥቅምት ዝናቡ ያቆማል፣ ፏፏቴው ይሞላል። ታኅሣሥና ጥር በዓል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ፈረንጅ ይጠፋል፤ በምትኩ ልጆቻቸውን ይዘው ክረምቱን ሀገር ቤት የሚያሳልፉ ዲያስፖራዎች ይመጣሉ። አንዱ ዓመት ከሌላው ጋር በድምር እኩል ሆኖ በወር ግን የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ እስከ ሰኔ መሆኑ ለእኛ መልካም ነው፤ የእንግዳውን ወቅት ከነሙሉነቱ ይይዘዋል። የውጭዎቹ መረጃ ግን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ስለሆነ ወቅታችንን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ጨመረ ቀነሰ ማለት ያሳስታል። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በአንድ ቃል ብትጠቅሱ ይበቃል።

አውሮፕላኑ ሲዘገይ ከአጥሩ ውጭ እንሰበሰባለን። ታላላቆቻችን አንዳንዴ መስከረም 5 ቀን 1981ን ያነሳሉ። ከዚሁ ሜዳ የተነሳው ቦይንግ 737 ርግቦች ሞተሩ ውስጥ ገብተው የወደቀበት ቀን ነው። 35 ሰው ሞተ። እነሱ ሲያወሩ ግን 35 አይሉም። እከሌ፣ የእከሌ ልጅ፣ እከሊት ይላሉ። ይህ ሜዳ ለእኛ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሰው ነገር ነው።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ ስለታቀደው አዲስ ኤርፖርትም እያነበብኩ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ በዓመት ይባላል። ይሠራልን፤ ልጆቻችን ይሠሩበታል። ድምሩ ይህን ያህል ሲገዝፍ ግን የባሕር ዳር፣ የጎንደር፣ የጅማ፣ የድሬዳዋ ቁጥር ጨርሶ ከዓይን ይጠፋል። አየር መንገዱ ከ20 በላይ የሀገር ውስጥ መዳረሻዎች አሉት። የእያንዳንዱ የወር መንገደኛ አንድ ገጽ አይሞላም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ሐምሌ ሲመጣና መግለጫው ሲሰጥ ጋዜጠኛችሁ ሁለት ጥያቄ ይጠይቅልን። ከዚህ ቁጥር ውስጥ ስንቱ ትራንዚት ነው? የየክልሉ ኤርፖርት በየወሩ ስንት ሰው አስተናገደ? መልሱ ቢቀንስም አትደብቁብን፤ ሆቴሉም፣ ባለጀልባውም፣ ብድር የሚሰጠውም በልኩ ያቅዳል።

ደብተሮቼን ማየት የሚፈልግ ጋዜጠኛ ካላችሁ ይምጣ። የሚመጣበትን በረራ ብቻ ንገሩኝ። ስሙን ወረቀት ላይ ጽፌ በር ላይ እጠብቀዋለሁ።

አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር