የታገደ የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ ቀኑ ሲሞላ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ ሰጪ ክፍል
ጎንደር

የሕንፃ ንድፍ የምንሠራ አርክቴክቶችና መሐንዲሶች ነን። ጉድለቱ እስኪስተካከል የታገደ የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ ቀነ ገደቡ ሲደርስ በዝምታ እንዳይዘጋ፣ ቀኑም አመልካቹ ሊያስተካክለው በሚችለው ጉድለት ላይ ብቻ እንዲቆጠር እንጠይቃለን።

እገዳ ሁሉ አንድ አይደለም። የስትራክቸር (የሕንፃው ተሸካሚ አካል) ስሌት ካልተያያዘ፣ የአፈር ምርመራ ከጎደለ ወይም በይዞታ ካርታውና በሳይት ፕላኑ (ሕንፃው በቦታው ላይ የሚያርፍበትን በሚያሳየው ንድፍ) ላይ ያለው ወሰን ካልተገጣጠመ ጥፋቱ የአመልካቹ ነው፤ ቀን ይቆጠርበት። ፋይል ያለ ልክ መደርደሪያ ላይ ይክረም አንልም። የሌላ መሥሪያ ቤት መልስ ሲጠበቅ ግን ነገሩ ይለያል። ከፋሲል ግቢ፣ ከቁስቋም ወይም ከደብረ ብርሃን ሥላሴ አጠገብ ሲሠራ የቅርስ ባለሙያ አስተያየት ያስፈልጋል። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በተከለለ የቅርስ ቦታ ያለ ፈቃድ መገንባትን ይከለክላል፤ ጥበቃውን ከልብ እንደግፋለን። ነገር ግን መልሱ የዘገየበት እያንዳንዱ ቀን በአመልካቹ ላይ ሲቆጠር፣ እሱ ምንም ሊያደርግ በማይችልበት ጉዳይ ፋይሉ ይሞትበታል።

መልሱ ከመጣ በኋላም ሥራ አለ። ጂ+4 (ምድር ቤቱና ከላዩ አራት ፎቅ) የነበረ የመኖሪያ ሕንፃ ወደ ጂ+2 ይውረድ ቢባል ሁለት ፎቅ ቆርጦ መጣል ብቻ አይበቃም። የዓምዶቹ ጭነት፣ የመሠረቱ ስፋት፣ ደረጃው፣ የውኃና የፍሳሽ መስመሩ ሁሉ እንደገና ይሰላል። የአንዱ ፎቅ ከፍታ 3.2 ሜትር ከሆነ ሕንፃው ከ16 ሜትር ወደ 9.6 ሜትር ይወርዳል። ከፍታው ሲቀንስ የሕንፃው ምድብም ሊቀየር ይችላል። ይህን በተረፉት ጥቂት ቀናት ጨርሱ ማለት የተቻኮለ ስሌት መጋበዝ ነው፤ የተቻኮለ ስሌት ደግሞ በኋላ ሰው የሚኖርበት ቤት ይሆናል።

ከሁሉ የሚከፋው የሊዝ ውሉ ነው። ፋይሉ ታግዶ ሳለ በውሉ የተጻፈው የግንባታ መጀመሪያ ቀን አይቆምም። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ማጠናቀቂያውን ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24፣ ለመካከለኛ እስከ 36፣ ለከፍተኛ እስከ 48 ወር ወስኗል። አንዱ ክፍል «ጠብቅ»፣ ሌላው «ለምን አልጀመርክም» ሲለው ባለይዞታው የትኛውን ይስማ? ፈቃዱ ግንቦት መጨረሻ ላይ ቢወጣ እንኳ የመሠረት ቁፋሮው ክረምት ላይ ይወድቃል። ዋልካ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውኃ የሞላው ጉድጓድ ግድግዳው ይናዳል።

ስለዚህ የእገዳ ደብዳቤው ጉድለቱን ለይቶ ይጻፍ። «ስትራክቸሩ ይስተካከል» ከማለት ይልቅ «በአራተኛው ወረቀት የመሠረቱ ጥልቀት ከአፈር ምርመራው ጋር አይገጥምም» ይባል። ቀኑ ደብዳቤው ለአመልካቹ ከደረሰበት ይጀምር፤ የሌላ መሥሪያ ቤት መልስ ሲጠበቅ ይቁም። ሊያበቃ 30 ቀን ሲቀረው በጽሑፍና በስልክ መልእክት ይነገረው፤ በቂ ምክንያት ካለውም ማራዘሚያ ይፈቀድለት። የእገዳው ደብዳቤ ግልባጭ ለሊዝ ክፍሉ ይድረስ።

የግድ ከተዘጋም ምክንያቱና የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜው በደብዳቤ ይገለጽ። አመልካቹ እንደገና ሲያመለክት ቦታውና ንድፉ ካልተለወጡ ቀድሞ የተመረመሩት ወረቀቶችና የአፈር ምርመራው ተቀባይነት ያግኙ፤ የሚታደሱት ጊዜ ያለፈባቸው ሰነዶች፣ ለምሳሌ የግብር ክሊራንስ፣ ብቻ ይሁኑ።

ከአክብሮት ጋር