የመርፌ ሰዓት ነገር

ውድ ወንድሜ ጌታሁን፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብስ ደህና ነው? ይህን ሁሉ ጊዜ ድምፄን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሰበብ አልደረድርም። ባይሆን የጥያቄህን ዕዳ ልክፈል። «የእንግሊዝ ባንዶች ዘፈኑን በሸክላ ካወጡት በኋላ ለቢቢሲ ለምን እንደገና ይቀዱታል? ሸክላውን ማጫወት አይቀልም ነበር?» ብለኸኝ ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዳቸው።

መቅለሉስ ይቀል ነበር፤ ቢቢሲ ከሸክላ አሳታሚዎቹና ከሙዚቀኞች ማኅበሩ ጋር የገባው ውል አላስኬድ አለ እንጂ። በ1960ዎቹ ቢቢሲ በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ ሸክላ ማጫወት አይችልም ነበር። ገደቡንም ከሸክላ ማጫወቻው መርፌ ወስደው «የመርፌ ሰዓት» ይሉታል። አሳታሚዎቹ፣ በሬዲዮ በነጻ የጠገበ ሰው ሱቅ ሄዶ አይገዛም ብለው ይፈራሉ። የሙዚቀኞች ማኅበሩ ደግሞ ሸክላ በዞረ ቁጥር የአንድ ትራምፔት ነፊ እንጀራ ይቋረጣል ባይ ነው። ያቺ አምስት ሰዓት ለፖፕ ብቻ አልነበረችም፤ ሌላውም ሙዚቃ ከእሷው ይቃመሳል። የቀረውን የሚሞሉት በስቱዲዮ የሚጫወቱ ባንዶችና የቢቢሲ ኦርኬስትራዎች ነበሩ። ልጁ የሚወደውን ዘፈን ሲጠብቅ፣ ክራቫት ያሰረ ኦርኬስትራ ያንኑ ዜማ አለስልሶ ያቀርብለታል። ማን ይታገሣል?

ስለዚህ ወጣቱ ሲመሽ ወደ ሬዲዮ ሉክሰምበርግ ይሸሻል፤ መካከለኛ ሞገድ፣ 208 ሜትር። እዚያም ጣጣ አለ። ይህ ሞገድ ከሩቅ የሚደርሰው ማታ ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ ሲመለስ ነው፤ ያ የአየር ንጣፍ ስለማይረጋ ድምፁ ልክ ዘፈኑ መጣም ሲጀምር ይርቃል፣ ይመለሳል። ሰዓቱን የሚገዙትም ራሳቸው የሸክላ ኩባንያዎቹ ስለነበሩ፣ ብዙ ሸክላ ለማስተዋወቅ ሲሉ ዘፈኑን ሳያልቅ ይቆርጡታል።

በ1964 በፈረንጅ ፋሲካ ሰሞን ሬዲዮ ካሮላይን የሚባል ጣቢያ የጫነ መርከብ ከእንግሊዟ የወደብ ከተማ ከፌሊክስቶው ፊት ለፊት፣ ከሦስት ማይሉ የባሕር ክልል ውጪ መልሕቁን ጣለ። እዚያ ውሉ አይሠራም፤ ሸክላ ቀኑን ሙሉ ነው። መንግሥት እንዲህ ያሉትን የመርከብ ጣቢያዎች በኦገስት 1967 በሕግ አፈናቸው፤ ቢቢሲም ሴፕቴምበር 30 ቀን የፖፕ ጣቢያውን ሬዲዮ 1ን ከፈተ። ከጠዋቱ በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ላይ ማይክ የያዘው ቶኒ ብላክበርን ከእነዚያው መርከቦች የመጣ ነው። የመርፌ ሰዓቱ ግን እዚያው ነበር። አዲሱ ጣቢያ ብዙውን ሰዓት ከሌላው የቢቢሲ ጣቢያ ከሬዲዮ 2 ጋር አንድ ፕሮግራም እየተካፈለ ነው የኖረው።

አንተ የሰማሃቸው ቅጂዎች የዚህ እጥረት ልጆች ናቸው። ቢትልስ ብቻቸውን ከ1962 እስከ 1965 ለቢቢሲ 88 ዘፈኖችን በ275 አጨዋወት አቅርበዋል፤ 36ቱን በዚያን ዘመን በሸክላ አላወጧቸውም። በፊት በፊት ባንዱ መጀመሪያ ፈተና ማለፍ ነበረበት። በ1965 ኋላ ዓለም ያወቀው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ከነባንዱ ወድቋል፤ ፈታኞቹ ምን ዓይነት ጆሮ እንደነበራቸው አንተው ፍረድ።

ከሁሉ የሚነገርለት የሬዲዮ 1 አቅራቢው የጆን ፒል ፕሮግራም ነው። ቀረጻው ባብዛኛው ለንደን ማይዳ ቬል፣ ድሮ የስኬቲንግ አዳራሽ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ልማዱ አራት ዘፈን በአንድ ቀን ነው። ባንዱ ከቀትር በኋላ ዕቃውን ተሸክሞ ይገባል። ከበሮው ተተክሎ ማይኮቹ እስኪስተካከሉ ብዙ ሰዓት ይበላል። ከዚያ ከበሮ፣ ቤዝና ጊታር አንድ ላይ ይቀዳሉ፤ ድምፃዊው ይደርባል፤ ድምፆቹን አመጣጥኖ ማዋሃዱ፣ ሚክሲንጉ፣ እዚያው ሌሊቱን ያልቃል። ፒል ራሱ እዚያ እምብዛም አይገኝም። የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ዘፈን ላይ የተንዛዛ ባንድ አራተኛው ሚክስ ሲደረግ ጊዜ ያጥረዋል። በ1960ዎቹ ደግሞ መሣሪያው ሞኖ፣ ማለትም ሁሉንም ድምፅ በአንድ መስመር የሚቀዳ ነበር። ድምፅ መደረብ ሲፈልጉ የተቀዳውን የቴፕ ክር እያጫወቱ፣ አዲሱን ድምፅ ጨምረው ወደ ሌላ ክር ይገለብጡታል። በተገለበጠ ቁጥር የክሩ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይጨምራል። የአንዳንዱ ቅጂ ጭጋግ ከዚያ የመጣ ነው፤ ካሴትህን አትውቀስ።

ቴሌቪዥኑም ያንኑ ቀንበር ቀምሷል። «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» የተባለው የቢቢሲ የፖፕ ፕሮግራም በጃንዋሪ 1 ቀን 1964 ማንቸስተር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ከነበረ ስቱዲዮ ጀመረ። መጀመሪያ ሁሉም ፕሌይባክ ነበር። በ1966 ማኅበሩ ሸክላውን ከፍቶ አፍ ማንቀሳቀስን ሲያስከለክል፣ ዘፋኙ ወይ ከስቱዲዮው ኦርኬስትራ ጋር መዝፈን፣ ወይ አጃቢውን እንደ አዲስ መቅዳት ሆነ። ኋላ ለዚህ የሚሰጠው ሦስት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ሳምንታት የፈጀ ሸክላ በሦስት ሰዓት! ብዙ ሙዚቀኞች እንደመሰከሩት፣ የማኅበሩ ተወካይ ዞር እስኪል ይጠበቅና የሸክላው ዋና ክር ቅጂ በአዲሱ ቦታ ይተካል። እሱም ብዙ ጊዜ እያወቀ ዞር ይላል።

የሚያንገበግበኝ የክሮቹ ነገር ነው። ሁለት ኢንች ስፋት ያለው የቪዲዮ ክር ውድ ስለነበር እያጠፉ በላዩ ሌላ ይቀዱበት ነበር። ከ1960ዎቹ ክፍሎች የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ገደቡ በ1988 ተነሣ። የፒል ቀረጻ ግን እሱ በ2004 እስኪሞት አልቆመም፤ ያኔ ማንም አያስገድድም፤ ባንዶቹ ራሳቸው ይፈልጉት ነበር።

እጅህ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ለመለየት መጨረሻውን ስማ። የሸክላው ብዙ ጊዜ ድምፁ እየቀነሰ ይጠፋል፤ የሬዲዮው ግን ባንዱ አንድ ላይ መትቶ ያቆማል። ያቺን ስም የሌላትን ካሴትህን እንዲህ ፈትሻትና ያገኘኸውን ጻፍልኝ።

ለእትዬ አልማዝና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ