ድሉን በክፍልፋይ ቁጠረው

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ መጥፋቴን ከመርሳት አትቁጠርብኝ።

ልጅህ ሊንከን ከተማ በሚገኘው የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከጀመረች ወዲህ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ደጋፊ ሆነህ «በመጪው ውድድር ስንት ያሸንፋሉ?» ብለኸኝ ነበር። አደራህን፣ 12ቱን ጨዋታ «ይህን ያሸንፋሉ፣ ይህን ይሸነፋሉ» እያልክ አትሙላ። እንደዚያ ከሆነ በጥቂቱ የሚሻሉበት ሁሉ ድል ይሆንና 10 ለ 2፣ ማለትም 10 ድልና 2 ሽንፈት፣ ይወጣልሃል። ይልቅ ለእያንዳንዱ የማሸነፍ ዕድል ስጠው። ተጋጣሚያቸውን በ7 ነጥብ የሚበልጡ ከመሰለህ ከሦስት ጊዜ ሁለቴ፣ በ21 ከሆነ ከአሥር ዘጠኜ ያሸንፋሉ። በሜዳቸው ሲሆን ከ2 እስከ 3 ነጥብ ጨምር፤ ከሜዳ ውጭ ያንኑ ቀንስ። አራት ጨዋታ በ0.9፣ ሦስት በ0.67፣ ሦስት በ0.5፣ ሁለት በ0.2 ብትይዝ ድምሩ 7.5 ነው። ውጤቱ 6ም 9ም ሊሆን ይችላል፤ ከመደበኛው ውድድር በኋላ ወደሚደረገው የቦውል ጨዋታ ለመግባት የሚያስፈልገው ደግሞ 6 ድል ነው።

ይህን ለመገመት ያለፈውን ዓመት የነጥብ ልዩነት ተመልከት፤ ነገር ግን ሳታጣራ አትመነው። በፈረንጆቹ የ2021ዱን ኔብራስካ ውሰድ። 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ፤ ዘጠኙም ሽንፈት በ9 ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ነበር። ያገባው ከገባበት በ63 ይበልጥ ስለነበር ብዙ ሰው «ዕድል ከዳው እንጂ ጥሩ ቡድን ነው» አለ። ግን ሦስቱን ድሎች እያቸው፦ ፎርድሃም 52 ለ 7፣ ቡፋሎ 28 ለ 3፣ ኖርዝዌስተርን 56 ለ 7። ብቻቸውን 119 ነጥብ ነው፤ ፎርድሃም ደግሞ ከታችኛው ምድብ የመጣ ቡድን ነበር። የአንድን ጨዋታ ልዩነት ከ24 አታሳልፍ ብትል ያ 63 ወደ 16 ይወርዳል። በ2022 ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሷን የሚወረውረው ተጫዋች) አድሪያን ማርቲኔዝ ወደ ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ ቡድኑም 4 ለ 8 ጨረሰ። እኔ ዛሬም እያንዳንዱን ቡድን በዚህ የ24 ነጥብ ገደብ እመዝናለሁ።

ጠባብ ድልም እንዲሁ ያታልላል። ቲሲዩ (የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ) በ2022 መደበኛውን ውድድር 12 ለ 0 ጨረሰ፣ ብዙዎቹ ለጥቂት የተገኙ ነበሩ፤ በ2023 5 ለ 7 ሆነ። ከእጅ ያመለጠችው ሞላላ ኳስ ሣሩ ላይ ስትነጥር አቅጣጫዋን ማንም አያውቅም፤ አሥር ሰው ይወድቅባታል፣ ከሥር ያገኛት ይወስዳታል። ይህ ግማሽ በግማሽ ነው። ባለፈው ዓመት ከሚገባው በላይ ኳስ ያነሳ ቡድን ዘንድሮም ያነሳል ብለህ አታስብ።

ከዚያ ካለፈው ዓመት ተጫዋቾች ማን እንደተመለሰ ተመልከት፤ በመጀመሪያ ኳርተርባኩ፣ ቀጥሎ ከፊቱ የሚከላከሉለት አምስቱ። ከ2021 ወዲህ ተጫዋች ዩኒቨርሲቲ ሲቀይር አንድ ዓመት ሳይጫወት መቀመጥ ቀርቶለታልና አሮጌ ዝርዝር አይጠቅምህም። ኢንዲያና በ2023 3 ለ 9 ነበር፤ አዲስ አሰልጣኝ ተጫዋቾቹን ይዞ መጣና በ2024 መደበኛውን ውድድር 11 ለ 1 ጨረሰ። እንዲህ ያለውን የነጥብ ልዩነት አስቀድሞ አይነግርህም።

ከአራተኛው ጨዋታ በኋላ ቀሪዎቹን ዕድሎች እንደገና ጻፍ። አሁን ግን በእርሳስ ሙላና ላክልኝ፤ የእኔን አስተያይቼ እመልስልሃለሁ።

ወዳጅህ