ለደንበኞቻችን፦ «ትንሽ ይቆይ» የምንላችሁ ለምንድነው

ጤና ይስጥልን፣ አሰላሙ አለይኩም ውድ ደንበኞቻችን

እኛ ደሴ ያለነው ሰው ሠራሽ እግር የምንሠራው ወርክሾፕ ነን፣ ይሄን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ቅር ብሏችሁ ስለሄዳችሁ ነው። ከባቲ፣ ከሐይቅ፣ ከወረኢሉ ድረስ ትራንስፖርት ከፍላችሁ፣ በክራንች የደሴን ዳገት ወጥታችሁ ትመጡና እኛ የተቆረጠውን እግር አይተን ፋሻ ጠቅልለን «ከወር በኋላ ተመለሱ» እንላችኋለን። ያናድዳል፣ እናውቃለን። ባለፈው አንድ አባት ከኮምቦልቻ መጥተው «ብሩን ይዤ መጥቻለሁ፣ ታዲያ ምን ቀረ?» ሲሉን ሰው በዝቶብን በደንብ ሳናስረዳቸው ሄዱ፣ እሱ ሲከነክነን ስለሰነበተ ለሁላችሁም ቁጭ ብለን እንጻፈው አልን።

የሚቀረው የእግሩ ጉዳይ ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ የተረፈውን ክፍል እኛ ስታምፕ እንለዋለን፣ እሱ ደግሞ ወዲያው እንደተቆረጠ ያበጠ ነው፣ ስፌቱ ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይወጣል እብጠቱ ግን አብሮ አይወጣም፣ እየቀነሰ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። እኛ ዓመት ጠብቁ አንልም፣ ቁስሉ ደርቆ ትልቁ እብጠት እስኪወርድ ብቻ ነው የምንለው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ደንበኛችን ሥራዬን ልነጠቅ ነው ብሎ ለመነንና አዘንንለት፣ ቶሎ ለካን፣ ቶሎ ሠራን፣ ደስ ብሎት ሄደ። ወር ሳይሞላው ስታምፑ ቀጠነና ሶኬቱ (ስታምፑ የሚገባበት የሰው ሠራሽ እግሩ ጎድጓዳ ክፍል) ውስጥ ወደ ታች ሰመጠ፣ የአጥንቱ ጫፍ ሶኬቱን እየመታ ቆዳው ተከፈተ፣ ከዚያ ቁስሉ እስኪድን ወራት ያለ እግር ተቀመጠ። ያ ጥፋት የኛ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢለምነን ያበጠ እግር አንለካም።

ስለዚህ ፋሻውን በደንብ እሰሩት። ላስቲክ ያለው ፋሻ ሆኖ በስምንት ቁጥር ቅርጽ፣ ከጫፉ ጠበቅ ወደ ላይ ላላ እያለ። ዙሪያውን እንደ ቀለበት ብቻ ካሰራችሁት ደሙን ያንቀዋል፣ ጫፉ እንደ አምፖል ያብጣል፣ እንደዚያ ያበጠ ስታምፕ ደግሞ ሶኬት አይገባለትም። ሲፈታ እንደገና ይታሰር፣ በቀን ብዙ ጊዜም ቢሆን። ሌላው ደግሞ እናቶች አዝናችሁ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ታደርጋላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይደርቅና በኋላ ቀጥ አልል ካለ ጥሩ እግር ብንሠራም መራመድ አይቻልም። ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው ደግሞ በቀን የተወሰነ ሰዓት በሆዱ ይተኛ፣ ዳሌው እንዳይታጠፍ።

«የሐኪሙን ወረቀት አምጡ» የምንላችሁም ለፎርማሊቲ አይደለም። የት ጋ እንደተቆረጠና እንዴት እንደተሰፋ ካላወቅን በጭፍን ነው የምንሠራው። ከጉልበት በታች ሲሆን ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የባቱን ሥጋ ረዘም አድርጎ ያስቀርና ከኋላ ወደ ፊት አጥፎ አጥንቱን ያለብሰዋል፣ የባት ሥጋ ደም በደንብ ስለሚያገኝ ቶሎ ይድናል፣ ጠባሳውም ከፊት ይሆናል ማለት ነው። ቀጭኗን አጥንት ከትልቁ ቅልጥም ትንሽ አሳጥሮ ይቆርጣታል፣ የቅልጥሙን የፊት ጠርዝ ደግሞ ሞርዶ ያለሰልሰዋል፣ ያ ካልተሞረደ ሶኬት ውስጥ ቆዳውን እንደ ቢላ ነው የሚበላው። ነርቩን ሳብ አድርጎ በስለት ቆርጦ ወደ ሥጋው ውስጥ እንዲገባ ይለቀዋል፣ ምክንያቱም የተቆረጠ ነርቭ ጫፉ ላይ እንደ እብጠት ነገር ያበቅላል፣ እሱ ጠባሳው ላይ ከሆነ ሲነካ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል። እኛ ይሄን ስናውቅ ሶኬቱ የት ጋ እንደሚጫን የት ጋ ክፍት እንደሚሆን እንወስናለን። ከጉልበት በታች ያለ ሶኬት ክብደቱን የሚሸከመው በጫፉ አይደለም፣ ከጉልበቱ ሥር ባለው ጅማትና በጎንና በጎን ባለው ሥጋ ነው። ከጉልበት በላይ ሲሆን ደግሞ በአብዛኛው የመቀመጫ አጥንትና የጭኑ ሥጋ ነው የሚሸከመው።

በጫፉ መቆም የሚቻልባቸውም አሉ። ቁርጭምጭሚት ላይ ተቆርጦ የተረከዙ ወፍራም ሥጋ ከታች ሲቀመጥለት (ይሄ ኦፕራሲዮን ሳይም ይባላል፣ ጄምስ ሳይም በሚባል የኤዲንብራ ሐኪም ስም ነው፣ በ1840ዎቹ በፈረንጆች) ሰውየው ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሠራሽ እግርም ጥቂት መራመድ ይችላል። ጉልበት መገጣጠሚያው ላይ የተለያየም እንደዚሁ። በተለይ ለልጆች ይሄ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ልጅ መሀል አጥንቱ ላይ ከተቆረጠ ጫፉ እያደገ ቆዳውን ሊበሳ ይችላል፣ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ግን ይሄ የለም። ልጅ ያላችሁ ሌላም እወቁ፣ ልጁ ስለሚያድግ በየዓመቱ አካባቢ መቀየር ይኖራል፣ እኛ ልንሸጥላችሁ ፈልገን አይደለም።

ዋጋው ለምን ይለያያል ለምትሉ፣ ከጉልበት በላይ ሲሆን ጉልበቱንም እኛ ነን የምንሠራው፣ መልመጃውም ረጅም ነው። በጥናት ሲለካ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ሲራመድ ሩብ ያህል ተጨማሪ ኃይል ያወጣል፣ ከጉልበት በላይ ከሆነ ግን ከግማሽ በላይ። በሜዳ እንዲህ ከሆነ በደሴ ቁልቁለት አስቡት፣ ስለዚህ «ጎረቤቴ በወሩ ሮጠ» ብላችሁ ራሳችሁን ከሰው አታወዳድሩ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ጫማ። እግሩን ስናስተካክል የምናስተካክለው በጫማችሁ ተረከዝ ከፍታ ነው። አንዲት እናት ቤተክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ ወደ ኋላ ሊወድቁ ሲሉ ልጃቸው ነው የያዘቻቸው፣ እግሩ ተበላሸ ብለው መጡ። እግሩ ምንም አልሆነም፣ ጫማው ሲወልቅ ተረከዙ ዝቅ ስላለ ጉልበታቸውን ወደ ኋላ ገፋው። መስጊድም ያው ነው። ለእሳቸው በጫማቸው ተረከዝ ልክ ቁራጭ ሶል ቆርጠን ከካልሲው ውስጥ ከተረከዙ ሥር አደረግንላቸው፣ አሁን ቅዳሴ ያስቀድሳሉ። እናንተም ከፍ ያለ ጫማ ልትቀይሩ ስትሉ ቀድማችሁ ንገሩን፣ ያኔ ደግሞ ወደ ፊት ነው የሚጥላችሁ።

ኮምቦልቻና ባቲ ያላችሁ ሙቀት ስላለ ላቡ ቆዳውን ያቆስለዋል፣ ትርፍ የስታምፕ ካልሲ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ከሰዓት ሲላላ አንድ ካልሲ ጨምሩ። ስታምፑን ማታ ማታ ታጠቡት እንጂ ጠዋት ከመልበሳችሁ በፊት አይሁን። ስታወልቁት የቀላ ቦታ ካለና ከሩብ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ አትልበሱት፣ ይዛችሁት ኑ። ስኳር ያለባችሁ በተለይ፣ ስሜቱ ስለሚቀንስ ቁስሉን ላታውቁት ትችላላችሁ፣ በመስታወት እዩት፣ ያልተቆረጠውንም እግር እንደዚያው።

የሌለው እግሬ ያመኛል፣ ጣቴን ያሳክከኛል የምትሉ ደግሞ አትፈሩ፣ አትደብቁት። እብደት አይደለም፣ ሌላ ነገርም አይደለም፣ አንጎል እግሩን ገና ስላልረሳው ነው። ለሐኪም ንገሩት፣ መድኃኒትም አለው፣ በመስታወት የሚሠራ ልምምድም አለ፣ እኛ ጋ ስትመጡ እናሳያችኋለን።

ስትመጡ የሐኪሙን ወረቀት፣ ራጅ ካለ ራጁን፣ ሁሌ የምታደርጉትን ጫማ (ሁለቱንም እግር) እና አጭር ቁምጣ ይዛችሁ ኑ። ከሩቅ የምትመጡ መጀመሪያ ደውሉልን፣ ስታምፑን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩልን አይተን ጊዜው ካልደረሰ እዛው እንነግራችኋለን፣ ትራንስፖርቱ ይተርፋል። ያ የኮምቦልቻው አባትም ይሄን ካነበቡ ይደውሉልን፣ ፋሻውን ራሳችን ቤትዎ መጥተን እንቀይርልዎታለን።

ከአክብሮት ጋር
የወርክሾፑ ሠራተኞች፣ ደሴ