ዓይነ አፋር ልጅ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሕፃናት ዕድገት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ዓይን ለዓይን የማይተያይ ልጅ በኦቲዝም፣ ማለትም ከሰው ጋር መግባባትን በሚያውክ የአንጎል ዕድገት ችግር፣ ሊጠረጠር እንደሚገባ መገለጹ፣ እዚህ ደሴ ሕፃናትን ለምንመለከት ነርሶች ከጥቅሙ ይልቅ ጭንቀት ይዞ መጥቷል። ምልክቱ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ብቻውን ሲቆም ግን ያሳስታል። በወሎ በታላላቆች ፊት ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ ልጅ ጨዋ ሲባል፣ ትክ ብሎ የሚያይ ደግሞ ዓይን አውጣ ተብሎ ይገሠጻል፤ ነጭ ገዋን በለበሰ ባዳ ፊትማ ማን ቀና ይላል?

ባለፈው ወር አንዲት እናት ጽሑፉን ያነበበላት ጎረቤት ስላስደነገጣት ብቻ የሦስት ዓመት ልጇን ከሐይቅ ከተማ ድረስ ይዛ መጣች። ልጁ እኔን ላለማየት በእናቱ ነጠላ ተሸፍኖ ተቀመጠ። እኔም ተውኩትና ዝም ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከነጠላው ሥር ሁለት ዓይኖች ብቅ አሉ፤ እኔ ወደማይበት ሄደው በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ያረፈችውን ርግብ አገኙ፤ ከዚያም እናቱ አይታት እንደሆነ ለማረጋገጥ ወደ እርሷ ተመለሱ።

ልጁ በዚያች ቅጽበት የሠራው ቀላል ሥራ አይደለም። የሌላ ሰው ፊትና ዓይን ወዴት እንደዞረ የሚለዩ የነርቭ ሴሎች፣ በጆሮ በኩል ባለው የአንጎል ጎን ላይ በተጋደመ ረጅም ስርጉድ ውስጥ ይገኛሉ። በጀርመን ቱቢንገን ከተማ የፒተር ቲር የምርምር ቡድን በጦጣም በሰውም ላይ ባደረገው ጥናት፣ በዚህ ስርጉድ የኋለኛ ክፍል የሌላውን እይታ ስንከተል ይበልጥ የሚነቃ አነስተኛ ቦታ መኖሩን አሳይቷል። ዓይንን የማዞሩ ትእዛዝ ደግሞ ከግንባር በኩል ካለው የአንጎል ክፍልና ከመካከለኛው አንጎል ተነሥቶ ወደ ዓይን ጡንቻዎች ይደርሳል። ትኩረትና ዓይን ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፤ ቡና የምታፈላ እናት ዓይኗ ጀበናው ላይ ሆኖ ልቧ ደጅ ከሚጫወተው ልጇ ዘንድ ሊሆን ይችላል። ቋንቋችን ማየትንና ልብ ማለትን የለየው በከንቱ አይመስለኝም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ስኬፍና ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ11 እስከ 14 ወር የሆናቸው ሕፃናት ሁሉ የትልቅ ሰውን እይታ ተከትለው ዞረዋል። ስለዚህ ወላጅ ሊጠየቅ የሚገባው ልጁ ዓይኔን ያየኛል ወይ ተብሎ ብቻ ሳይሆን፣ 18 ወር ሲሞላው እናቱ የምታየውን ዞሮ ያያል ወይ፣ የወደደውን በጣቱ እየጠቆመ ያሳያል ወይ፣ ስሙ ሲጠራ ይዞራል ወይ ተብሎ ነው። እነዚህ በቤተሰቡ ውስጥ እንኳ የጎደሉበት ልጅ ዝምተኛ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ ጆሮውና ዓይኑም አብረው ይመርመሩ።

በሚቀጥለው እትማችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ቀድሞ ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ እንድታትሙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንዲት የሕፃናት ነርስ
ከደሴ