«ቅጠሉ ሉኪሚያን ያጠፋል» ለሚለው ዜና

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በምሠራበት ሆስፒታል ፋርማሲ መስኮት ላይ፣ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ያለበት የልጅ ልጃቸውን የሚያስታምሙ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን የቅጠል ዱቄት ፈትተው «ጋዜጣ ላይ እኮ ወጥቷል፤ መርፌው ቢቀርበትስ ልጄ?» አሉኝ። ዜናውን ፈልጌ አነበብኩት። ጥናቱ የተደረገው በብልቃጥ ውስጥ ባሉ ሴሎች ላይ እንደሆነ የተገለጸው በመጨረሻው አንቀጽ ነበር።

ዕፅዋትን የማጣጥል ሰው አይደለሁም፤ ሊያስቀሩት ያሰቡት መርፌ ቪንክሪስቲን ራሱ የማዳጋስካር ፔሪዊንክል ከምትባል ተክል የተገኘ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ኖብልና ቻርልስ ቢር ካናዳ ውስጥ ከጃማይካ የተላከውን የዚህችን ተክል ቅጠል የመረመሩት ለስኳር በሽታ ይረዳል ስለተባለ ነበር፤ የአይጦቹ ስኳር ግን ንቅንቅ ሳይል ነጭ የደም ሴላቸው አሽቆልቁሎ በኢንፌክሽን አለቁ። ከዚያው ቅጠል በመጀመሪያ ቪንብላስቲን፣ ቀጥሎም በ1963 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው ቪንክሪስቲን ወጣ። ይህ መድኃኒት በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሚሊግራም አያልፍም፣ የሚሰጠውም በደም ሥር ብቻ ነው፤ በስህተት ወደ ሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ከገባ ይገድላል። እንዲህ ያለውን መጠን በማንኪያ የሚለካ ዱቄት ውስጥ ማን ያውቀዋል?

የአገራችንም ምሳሌ አለ። በ1972 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካዊው ኬሚስት የኩፕቻን የምርምር ቡድን ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ተክል ሜይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ፤ በእንስሳት ላይ ሉኪሚያን ቢያሸንፍም በሕሙማን ሲሞከር መርዛማነቱ ስለበረታ ወደ ጎን ተተወ። ከእሱ የተሠራ ተቀራራቢ ንጥረ ነገር፣ የካንሰር ሴልን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል (ፕሮቲን) ጋር ተጣብቆ ፈቃድ ያገኘው ከአርባ ዓመት በኋላ በ2013 ነው፤ ያውም ለጡት ካንሰር።

ስለዚህ የምለምነው፣ ስለ እንዲህ ዓይነት ጥናት ስትጽፉ ሙከራው በሴል፣ በአይጥ ወይስ በሕሙማን ላይ መሆኑን ከርዕሱ ሥር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንድታስቀምጡልን ነው። አንዳንድ ዕፅዋት ጉበት ቪንክሪስቲንን የሚሰባብርበትን ፍጥነት ሊለውጡ ስለሚችሉ፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ላይ ያለ ሰው ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን እንዲጠይቅ አንድ መስመር ብትጨምሩበት ደግሞ የእኛን የመስኮት ሥራ ታቀልሉልናላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሆስፒታል ፋርማሲስት፣ አዲስ አበባ